ንፋስና ፀሐይ ሲበዛ መብራት ይጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

የመርካቶ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። የምሠራበት ሱቅ ሶላር ፓኔል፣ ባትሪና ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይር መሣሪያ) ይሸጣል። ድሮ ደንበኛ የሚጠይቀው ዋጋ ነበር። አሁን ግን «ስፔን በሶላር ብዛት አገሩ በሙሉ ጨለመ አይደል እንዴ? እኛስ ምን አስገባን?» የሚለኝ በዝቷል። ኬንያም በንፋስ ምክንያት ደጋግማ ጨልማለች ይባላል። ሌላው ደግሞ ህዳሴ ተመርቆ፣ ውሃ ሞልቶን፣ ንፋስና ፀሐይ ምን ያደርግልናል ይላል።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው እንዲገዛኝ ብዬ ያልሆነውን መናገር አልፈልግም። ንፋስና ፀሐይ ሲበዛ ግሪዱ (የአገሩ የኤሌክትሪክ መረብ) ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? ሙያው ያላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

ሀምሳ ሄርዝ፦

የመርካቶ ልጅ፣ ብዙ የተወራበት የስፔኑ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ቀኖቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ነው። በስፔን ሰዓት ከእኩለ ቀን 33 ደቂቃ እንዳለፈ ስፔንና ፖርቱጋል ጨለሙ። በ5 ሰከንድ ውስጥ 15,000 ሜጋ ዋት ገደማ ጠፋ። ሦስት ህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ከስፔን ኃይል ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከፀሐይ ነበር። ወሬው የተነሳው ከዚህ ነው።

ግን የጠፋው ኃይል ስላነሰ አይደለም። ኃይል ሞልቶ ነበር። ችግሩ ቮልቴጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ ግፊት፣ ከልክ በላይ መውጣቱ ነው። የአውሮፓ የማስተላለፊያ ኦፕሬተሮች ማኅበር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ባወጣው ሪፖርት በቮልቴጅ መብዛት አገር ሲጨልም በአውሮፓ ይህ የመጀመሪያው ነው ብሏል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ረጅም የማስተላለፊያ መስመር ጭነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ትርፍ የሚውጥ ማሽን ያስፈልጋል። ይህን ሥራ በተለምዶ የሚሠሩት የጋዝ፣ የኒውክሌርና የውሃ ጣቢያዎች ናቸው። በዚያን ቀን ለዚህ ሥራ የተመደቡት ጥቂት ነበሩ። የስፔን መንግሥት ሪፖርት እንዳለው ደግሞ ከተመደቡትም የሚጠበቅባቸውን ያህል ያልዋጡ ነበሩ። የሶላርና የንፋስ ጣቢያዎቹስ? አብዛኞቹ በደንቡ መሠረት ቮልቴጅ ቢወጣም ቢወርድም በማይለወጥ ምጣኔ እንዲሠሩ ነበር የታዘዙት። ቮልቴጅ ሲወጣ ተከትለው እንዲያስተካክሉ ማንም አልጠየቃቸውም።

ቮልቴጁ ሲወጣ አንዳንድ ጣቢያዎች ራሳቸውን ለማዳን ከመስመር ወጡ። አንዱ ሲወጣ የሚውጠው አነሰ፣ ቮልቴጁ የባሰ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። ከግራናዳ ተነስቶ በባዳሆስና በሴቪያ አድርጎ አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

አሁን ዋናውን ስማ። ዘመናዊ የሶላር ኢንቨርተር ቮልቴጅ ማስተካከል ይችላል። ከአሮጌ ጄኔሬተር በፈጠነ ሁኔታ ይችላል። በስፔን ግን ደንቡ አልፈቀደለትም። ከጥፋቱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጁን ላይ፣ የስፔን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እነዚህ ጣቢያዎች በቮልቴጅ ቁጥጥር እንዲሳተፉ የሚያደርግ አዲስ አሠራር አጸደቀ። ስለዚህ ለደንበኛህ «ሶላር ጣለው» ብትለው ልክ አይደለም። «ሶላር የለበትም» ብትለውም ልክ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሆነ ምንጭ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መደረጉ ነው የጣለው።

ኪሊማኒ፦

እኔ የምጽፈው ከናይሮቢ ነው። የሀበሻ ምግብ ቤት አለን። ኦገስት 25 ቀን 2023 ዓርብ ምሽት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከምሽቱ 3:45 ገደማ ላይ ሁሉም ነገር ጥፍት አለ። መጀመሪያ የሰፈር ችግር መስሎን ነበር። ሞምባሳ ያለ ወንድሜ ጋ ስንደውል እዚያም የለም። ኪሱሙም የለም።

ጄኔሬተራችን ለፍሪጅና ለመብራት ይበቃል፤ ለምጣድ አይበቃም። ያን ሌሊት የተቦካው ሊጥ ሁሉ ኮመጠጠ። ቅዳሜ የሠርግ ትዕዛዝ ነበረን። የጋዝ ምጣድ ያላቸውን ሴቶች እየዞርን ለምነን ነው እንጀራውን ያደረስነው። አውሮፕላን ማረፊያው እንኳን ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ ጨልሞ ነበር፤ ሚኒስትሩ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጠዋት ላይ በሬዲዮ የሰማነው «የቱርካና ንፋስ ጣቢያ ስለጠፋ ነው» የሚል ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ንፋስ የሚል ስሰማ ያ ሌሊት ነው ትዝ የሚለኝ። ሀምሳ ሄርዝ፣ ይሄንንስ እንዴት ታየዋለህ?

ሀምሳ ሄርዝ፦

ኪሊማኒ፣ ያን ሌሊት ያየኸው ጣጣ ቀላል አይደለም። ግን ታሪኩ ሁለት ወገን አለው።

የኬንያ ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ያለው የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ጣቢያ 270 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ ቆይቶ ድንገት ወጣ፣ ያ አገሩን ጣለው ነው። ጣቢያው በበኩሉ «ግሪዱ ውስጥ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ወጣ፤ መሣሪያችን እንዳይቃጠል በራሱ ጠፋ» አለ። ልብ በል፣ ቃሉ የስፔኑ ቃል ነው። ስፔን ከመጨለሟ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት።

ማን ልክ ነው የሚለውን እኔ አልፈርድም። ግን ለኔ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ጣቢያ 310 ሜጋ ዋት ነው። ያለው ሰሜን ኬንያ በረሃ ውስጥ ነው። የሚያገናኘው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መስመር ነው። የአገሩ ትልቅ ቁራሽ በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው የንፋስ ተርባይን ሳይሆን የናፍጣ ሞተር ቢሆንም ክሩ ሲበጠስ የሚጠፋው ያው ነው።

ሁለተኛውን ደግሞ ልንገርህ፤ እኛንም ይነካል። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ጠዋት ከዚያው ጣቢያ የሚመጣው መስመር ሱስዋ የተባለው የኬንያ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ትሪፕ አደረገ፣ ማለትም በድንገት በራሱ ተቆረጠ። 288 ሜጋ ዋት ሄደ። ተከትሎ ከኢትዮጵያ የሚሄደው መስመር ወጣ። በዚያ ሰዓት 200 ሜጋ ዋት ተሸክሞ ነበር። ድምሩ 488 ሜጋ ዋት ነው፤ አብዛኛው ኬንያ ጨለመ። የኛው ደግሞ በአብዛኛው የውሃ ኃይል ነው። ንፋሱ ጥቂት ነው።

ጥሬ እውነት፦

ሁሉንም አነበብኩ። ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን እያወሳሰባችሁት ነው። ንፋስ ሲፈልግ ይነፍሳል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ፀሐይ ማታ የለችም። ሰው ግን መብራት የሚፈልገው ማታ ነው። ይሄን የማያውቅ የለም። ውሃ፣ ጋዝ፣ ከሰል ስትፈልግ ታዘዋለህ። የማይታዘዝ ነገር ላይ አገር መመሥረት አደገኛ ነው። ሀብታም አገሮች ይሞክሩት፤ እኛ ገና ለግማሽ ሕዝባችን መብራት ያላደረስን ነን።

ጡረተኛው ተረኛ፦

ልጆች፣ እኔ በኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተረኛ ሆኜ ብዙ ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጥሬ እውነት የሚለው ከልቡ ነው፤ ስለዚህ ተገቢውን መልስ ሊያገኝ ይገባል።

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቁ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግር፣ በሄርዝ የሚለካ። 50.00 ማለት አለበት። ሰው ከሚጠቀመው በላይ ከመነጨ ወደ 50.1፣ 50.2 ይወጣል። ካነሰ ይወርዳል። ተረኛ ሰው ሻይ ሲጠጣም፣ ስልክ ሲያወራም ዓይኑ ከዚያ ቁጥር አይነቀልም። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ምጣዱ ሁሉ ሲለኮስ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየዋለህ። 49.9፣ 49.8። ያኔ ወደ ግድቡ ትደውላለህ፤ በር ክፈቱ ትላለህ።

አሁን አንድ ትልቅ ማሽን ድንገት ትሪፕ ቢያደርግ ምን ይሆናል? ለመደወል ጊዜ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች የሚይዘው የሚሽከረከረው ብረት ክብደት ነው። ወፍጮ ቤት የገባ ያውቀዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋዩ ወዲያው አይቆምም፣ እየዞረ ጥቂት ይፈጫል። ያ ጥቂት ጊዜ ነው ሌሎቹ ጣቢያዎች በራቸውን እስኪከፍቱ የሚያቆየን። ኢንጅነሮቹ ኢነርሺያ ይሉታል። በቂ ካልሆነ ሪሌ የሚባሉት መከላከያ መሣሪያዎች በራሳቸው ፊደር (ሰፈር የሚመግብ መስመር) እየቆረጡ ሰፈር ማጥፋት ይጀምራሉ። የተወሰነ ሰፈር ጠፍቶ አገር ይድናል። እነሱም ካልደረሱ ሁሉም ይወድቃል።

የንፋስና የሶላር ጣቢያ በኢንቨርተር ስለሚገናኝ ይህን ክብደት በራሱ አያመጣም። እዚህ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው። መደበቅ የለበትም።

ነገር ግን ጥሬ እውነት፣ «የሚታዘዝ» ያልከውን ደግሞ እይ። ህዳሴ 13 ተርባይን አለው። 11ዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት፣ ሁለቱ 375 ናቸው፤ ድምሩ 5,150። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 324። አንድ የህዳሴ ማሽን በሙሉ አቅሙ እየሠራ ድንገት ቢቆም ሦስቱ የንፋስ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ከሚያጠፉት ይበልጣል። ንፋስ ደግሞ ሁሉም ተርባይኑ በአንድ ሰከንድ አይቆምም። ሲደክም በሰዓታት ነው፤ ያን ተረኛው ማወቅና ማስተካከል ይችላል። እኔ ተረኛ ሳለሁ እንቅልፍ የሚነሳኝ የንፋስ መድከም አልነበረም። አንድ ትልቅ ነገር በአንድ ቅጽበት መሄዱ ነበር።

ሀምሳ ሄርዝ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄው ምንጩ ምንድን ነው የሚል ብቻ መሆን የለበትም። በአንድ ጊዜ ስንት ሊጠፋ ይችላል፣ ሲጠፋስ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ማን ይይዛል ነው መጠየቅ ያለበት።

ጥሬ እውነት፣ ጋዝ ይታዘዛል ያልከውን ቴክሳስ ላይ እየው። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ብርዱ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የጠፋው የጋዝ ጣቢያ ነበር። ቧንቧው ቀዘቀዘ፣ ጋዝ የሚያወጣው ጉድጓድ ቀዘቀዘ። ግሪዱ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቀርቶት ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ንፋሱም ቀዝቅዟል፤ እሱንም አልክድም። ለብርድ ያልተዘጋጀ ሁሉ ነው የወደቀው።

ጥሬ እውነት፦

የቴክሳሱን ተቀበልኩ። የጋሼም ጥሩ ማብራሪያ ነው። ግን የማታውን ጥያቄ አልመለሳችሁልኝም። ማታ ፀሐይ የለም።

ጡረተኛው ተረኛ፦

የማታው መልስ ግድቡ ነው ልጄ። ቀን በፀሐይ የሠራህ እንደሆነ ውሃህ ግድቡ ውስጥ ይቆያል። ማታ ትለቀዋለህ። ብዙ አገር ለባትሪ ቢሊዮን የሚያወጣው ይህን ለማግኘት ነው፤ እኛ በተፈጥሮ አለን።

ከቀንና ማታው ይልቅ ለኛ የሚብሰው የወራቱ ነገር ነው። 2019ን ታስታውሳለህ? ሜይ ላይ ፈረቃ ታወጀ። የጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ጎደለን። ሰፈር በሰፈር፣ በሰዓት ተከፋፍለን አገሩ በፈረቃ አደረ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የምንሸጠውም ቆሞ ነበር። ውሃ «የሚታዘዘው» ዝናብ ሲኖር ነው። እኛ አገር ደግሞ ንፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ግድቡ ሲጎድል። ክረምት ሲገባ ንፋሱ ይደክማል፣ ግድቡ ይሞላል። እንዲህ ያለ መደጋገፍ ብዙ አገር አያገኝም። ከ90 በመቶ በላይ በውሃ ላይ የቆመ አገር ንፋስና ፀሐይ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ፋሽን ስለሆነ አይደለም።

አደላይድ ነኝ፦

እኔ ደቡብ አውስትራሊያ ነው የምኖረው። ይህን ጉዳይ በኑሮዬ አይቼዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ከንፋስና ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ወደ 70 በመቶ ደርሷል።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከባድ አውሎ ነፋስ መጥቶ የማስተላለፊያ ማማዎችን ጣለ። ቮልቴጁ ደጋግሞ ሲወርድ ዘጠኝ የንፋስ ጣቢያዎች 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። ተርባይኖቹ ውስጥ «በአጭር ጊዜ ይህን ያህል የቮልቴጅ መውረድ ካየህ ውጣ» የሚል ሴቲንግ ነበር። ግሪዱን የሚመሩት ሰዎች ያ ሴቲንግ መኖሩን አያውቁም ነበር። ጭነቱ ሁሉ ከጎረቤታችን ከቪክቶሪያ ግዛት በሚመጣው መስመር ላይ ወደቀ፣ እሱም ወጣ፣ 850,000 ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ገባ። ፖለቲከኛው ሁሉ «ንፋስ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? መጀመሪያ ሴቲንጉ ተቀየረ። ይሄ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። ቀጥሎ በ2017 መጨረሻ ሆርንስዴል ላይ 100 ሜጋ ዋት ባትሪ ቆመ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ ነበር። ገና በወሩ ቪክቶሪያ ያለው ሎይ ያንግ የከሰል ጣቢያ አንድ ማሽን 560 ሜጋ ዋት ይዞ ወደቀ። ባትሪው ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ኃይል ማስገባት ጀመረ። የገባው ጥቂት ሜጋ ዋት ነው፤ ግን ፍጥነቱን ሁሉም አየ።

ሦስተኛው ጋሼ ያሉት ክብደት ነው። በ2021 አራት ሲንክሮነስ ኮንደንሰር ተተከሉ። ምንም ነዳጅ የማያቃጥል፣ ከግሪዱ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ትልቅ ማሽን ነው። ክብደት ይሰጣል፣ ቮልቴጅ ይይዛል። እነሱ ከተተከሉ በኋላ መብራቱን ለማረጋጋት ብቻ የሚነድ ጋዝ ቀንሷል።

ፈተናው የመጣው ኖቬምበር 2022 ላይ ነው። ቴይለም ቤንድ አጠገብ ማማ ወድቆ ግዛቱ ከቀረው አገር ለአንድ ሳምንት ያህል ተቆርጦ ብቻውን ቆየ። እንደ 2016ቱ አልጨለመም።

ያለ ዋጋ ግን አይደለም። በዚያ ሳምንት የጣሪያ ሶላራችንን ከርቀት አጠፉብን። ቀን ላይ የጣሪያው ኃይል ስለበዛ ግሪዱ መሸከም አቃተው። ጎረቤቶቼ ተናደው ነበር። እኔ ግን መብራት ከሚጠፋ የኔ ፓኔል ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ እመርጣለሁ።

ኪሊማኒ፦

አደላይድ፣ የሴቲንጉ ነገር ገረመኝ። ማለት እኛ ጋም እንደዚያ ተደብቆ የተቀመጠ ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው?

ሌላ ጥያቄ ለሀምሳ ሄርዝ፦ ከኢትዮጵያ መስመር መጥቶልናል። ህዳሴም አለ። የህዳሴ ትልልቅ ተርባይኖች ክብደት እኛንም አይጠብቀንም?

ሀምሳ ሄርዝ፦

የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ አዎ ነው። የትኛውም አገር አዲስ ጣቢያ ሲያገናኝ ሴቲንጉን ሁሉ ተቀብሎ በኮምፒዩተር ሞዴል መፈተሽ አለበት። ውል ሲፈረም ስለ ታሪፍ ብቻ የሚደራደር አገር በኋላ ዋጋውን ይከፍላል። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ይህ ፍተሻ ርካሽ ነው፤ የሚያድነው ግን አገር ነው።

ሁለተኛው ላይ መልሱ አይደለም ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ የሚሄደው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ነው። 1,045 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ዲሲ ለረጅም ርቀት ጥሩ ነው። ግን የሁለቱን አገር ፍሪኩዌንሲ ይለያል። ናይሮቢ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ወደ 49.5 ቢወርድ የኛ ተርባይኖች አይሰማቸውም። ክብደታቸው እናንተ ጋ አይደርስም። የሚደርሰው የታዘዘው ሜጋ ዋት ብቻ ነው።

ጥሩ ዜናው የዲሲ መስመር መቆጣጠሪያው በደንብ ከተዘጋጀ «ኬንያ ፍሪኩዌንሲ ከወረደ ወዲያው ጨምር» ተብሎ ሊታዘዝ መቻሉ ነው። ይህ በስምምነትና በሴቲንግ የሚሠራ ነገር ነው። ከጅቡቲና ከሱዳን ጋር ያለን መስመር ግን ኤሲ (እንደ ቤታችን መብራት የሚመላለስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ እዚያ አብረን ነው የምንሽከረከረው።

ቱሉ ዲምቱ፦

እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነኝ። የሁላችሁንም በፍላጎት አነበብኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? የኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው በፍሪኩዌንሲ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ይጠፋል። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ይጠፋል። ምሰሶ ሲዘም ይጠፋል። ህዳሴ ሲመረቅ ሁላችንም እልል ብለናል፤ ማታውኑ ግን ሻማ ለኩሰን እራት በላን። ስለ ስፔን ስታወሩ ይሄም ይነሳ።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። የበዓል ዋዜማ ላይ ትልልቅ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲቀንሱ ይጠየቃል። እናቶቻችን ዶሮውንም እንጀራውንም በአንድ ምሽት ስለሚያደርሱ ነው። ይሄስ ከምታወሩት ጋር አይገናኝም?

ጡረተኛው ተረኛ፦

በደንብ ይገናኛል ልጄ። የሰፈሩን ነገር ትክክል ብለሻል። ሰው በቤቱ የሚያየው መጥፋት አብዛኛው ከማከፋፈያ መስመር ነው፤ ከግድብ አይደለም። የቀጠነ ሽቦ፣ የተጨናነቀ ትራንስፎርመር፣ ያልተቆረጠ ዛፍ። ለግድብ ሪባን ይቆረጣል፣ ለሰፈር ትራንስፎርመር ማንም ሪባን አይቆርጥም። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ግን እዚያም ነው።

የዋዜማው ነገር ደግሞ ውጭ አገር ዛሬ በትልቅ ስም የሚጠሩት ሥራ ነው። የሚያመነጨውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ማዘዝ ማለት ነው። እኛ በስልክና በማስታወቂያ ስናደርገው ኖረናል። አሁን ግን በስልክ መለማመጡ አይበቃም። ለፋብሪካው «በዚህ ሰዓት ከቀነስክ በዚህ ታሪፍ» የሚል ውል ያስፈልገዋል። በኮምፒዩተር ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጡት የክሪፕቶ ማይነሮችም በተመሳሳይ፣ ፒክ ሰዓት ላይ (ፍላጎት በሚበዛበት) ሊጠፉ የሚችሉ ደንበኞች ናቸው። ውላቸው ላይ ይህ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎ በተለይ። አሁን ለደንበኛዬ የምለው አለኝ። ግን አንድ የሥራ ጥያቄ ይቅረኝ። እኔ የምሸጠው ለቤት ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ሃይብሪድ ኢንቨርተርና ሊቲየም ባትሪ ነው። እንደኛ ዓይነት ትንንሹ ነገርስ ግሪዱን ይነካል? እኔ ከሱቅ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

ሀምሳ ሄርዝ፦

አለ። ሁለት ነገር ልንገርህ።

አንደኛው፣ ወደ ግሪድ መልሶ የሚያስገባ ኢንቨርተር የምታመጣ ከሆነ ከመግዛትህ በፊት አቅራቢውን ጠይቅ። ቮልቴጅ ሲወዛወዝ ለምን ያህል ጊዜ ይታገሣል? ሴቲንጉ በአገር ደንብ መሠረት ይቀየራል ወይስ ተቆልፎ ነው የሚመጣው? ቮልቴጅ ሲወጣ ውጦ ማውረድ ይችላል? ስፔን ላይ ሁሉም ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ትንንሽ ሶላሮችም እየወጡ ነበር። አንዱ ምንም አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሲሆን ግን ይከብዳል። በተጨማሪ ግሪዱ ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ወደ መስመሩ መላክ ማቆሙን አረጋግጥ። ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ።

ሁለተኛው አሁኑኑ የሚመለከትህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን ይሆናል? የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ቦይለር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በዚያ ላይ ባትሪው ያለቀበት ቤት ሁሉ በሙሉ ጉልበቱ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። መልሶ ሲያበሩት ወዲያው የሚጠፋው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ብዙ ሃይብሪድ ኢንቨርተር ላይ ከግሪድ የሚወስደውን የቻርጅ አምፔር መቀነስ ይቻላል። አንዳንዱ መብራት ከመጣ በኋላ ቆይቶ እንዲጀምርም ይፈቅዳል። ገጣሚዎችህ ከፋብሪካ እንደመጣ ትተውት ይወጣሉ። ዝቅ አድርገው እንዲወጡ ንገራቸው። ቀን በፀሐይ ይሙላ፤ ከግሪድ የሚወስደው ትንሽ ይሁን።

ቱሉ ዲምቱ፦

የኤሌክትሪክ መኪና አለን። ባለቤቴ ከሥራ እንደገባ ነው የሚሰካው፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። እሱም እንደዚያው ነው?

ሀምሳ ሄርዝ፦

እንደዚያው ነው እህቴ። በትክክል ጋሼ ቁጥሩ ሲወርድ የሚያዩበት ሰዓት ላይ ነው የሚሰካው። መኪናው ውስጥ ወይም ቻርጀሩ ላይ ሰዓት መሙያ አለው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጉት፤ ጠዋት ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

የመርካቶ ልጅ፦

ለገጣሚዎቹ ዛሬ ማታ እጽፍላቸዋለሁ። የአምፔሩን ነገር በየሞዴሉ እንዴት እንደሚቀየር ፎቶ አንስቼ እዚሁ ክር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሌላውም ሱቅ እንዲጠቀምበት።